የእድሩ ባትሪና የይቅርታው ድንጋይ

በአንድ ወቅት፣ መብራት መጣ ሲባል የሚሄድበት፣ ሄደ ሲባል የሚመጣበት ዝንጀሮ ገደል የሚባል ትንሽ ከተማ ነበረ። ከተማውን ገደል ለሁለት ከፍሎታል፤ ግማሹ ሰው ከገደሉ ወዲህ፣ ግማሹ ከገደሉ ወዲያ ይኖራል። እዚያ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ፍርዱን ለእናንተ ነው የምተወው፤ ግን ሳልጨርስ አፉን የሚከፍት ካለ እዚሁ ላይ አቆማለሁ። ባለፈው ያደረጋችሁኝን አልረሳሁም።

ታላቁ ዘርጋው ትንፋሽ ነበረው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥቶ ወዲህ ማዶ ይነፋል፣ ገደሉን ወርዶ ይወጣና ወዲያ ማዶ ይነፋል፣ ከዚያ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ የሟቹን ስም ይለፍፋል። ያ ጥሩምባ ሲነፋ እርሻ ላይ ያለው ሞፈሩን ይጥላል፣ ራሷን የምትሠራው ግማሹን እንደተሠራች ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች።

መካከለኛዋ የሺመቤት አደራ ነበራት። የእድሩን ድንኳን፣ ድስት፣ አግዳሚ ወንበር የምታስቀምጠው እሷ ናት። ከለቅሶ ቤት አንድ ጭልፋ ሳይመለስ ከቀረ በለቀስተኛው ሁሉ ደጅ ዞራ ትፈልጋለች። «የሙታን ዕቃ ነው፣ አይቀለድበትም» ትል ነበር። ቀልድም አታውቅ፣ እውነቴን ነው።

ታናሹ ወንድይፍራው ደግሞ እጅ ነበረው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ዝም ያለ ነገር ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል፤ ከፍቶ፣ አሽትቶ፣ ነካክቶ ያናግረዋል። ሰው ሲያመሰግነው ግን ጆሮው ድረስ ይቀላል። ይህ ዓይን አፋርነቱ በኋላ ምን እንደሚያመጣ ታያላችሁ።

ዘመን ሲለወጥ ከተማው ሰፋ። አዲስ የመጡት ሰዎች ጥሩምባው አይሰማንም አሉ። እድሩ ተሰበሰበና ማይክ ይገዛ ተባለ፤ ማይክ ማለት እንግዲህ ድምፅ ማጉያውንም፣ ያንን አፈ ሰፊ ቀንዱንም ጨምረው ነው። መብራት የማይታመን ስለሆነ በመኪና ባትሪ እንዲሠራ፣ ኮረብታው ላይ ካለችው ከየሺመቤት ደጅ ቆሞ ወዲህም ወዲያም እንዲለፈፍበት ተወሰነ። ታዲያ በዚያ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ጋሼ ገደል ሲወርድና ሲወጣ ጉልበቱ አልቋል፣ እናሳርፈው» ያለው ማን ይመስላችኋል? ወንድይፍራው ነው። ለወንድሙ አዝኖ ነው ያለው። ሰዉ አጨበጨበ፣ ለዘርጋው ጋቢ ተደረበለት። እሱ ጋቢውን ለብሶ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ጥሩምባውን ሚስማር ላይ ሰቀለና ሚስቱን «ሳልደክም አሳረፉኝ» አላት። ከዚያ ቀን በኋላ ታናሽ ወንድሙን ሰላም ይለዋል እንጂ ዓይኑን አያየውም።

ማይኩ የተገዛ ዕለት ሞከሩት። «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ይሰማል?» አሉ፤ ገደሉ «ይሰማል» ብሎ መለሰ፣ ልጆች ጨፈሩ። በማግስቱ የየሺመቤት ባል፣ ምንም ያላመመው ሰውዬ፣ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ቀረ። እግዜር ያሳያችሁ! የማይኩ የመጀመሪያ መርዶ የገዛ ባሏ ሆነ። የሺመቤትም ከሐዘኗ ስትነሣ ማለች፦ «ሞትን በከንቱ ጠርተን መጣብን። ከእንግዲህ ይህ ማይክ ያለ ሬሳ አይከፈትም። ማሟረት ነው።» እድርተኛውም አዎ አለ። ማን ተው ይላታል? ለመርዶ የተገዛን ነገር ለጨዋታ መክፈት ማንን ደስ ይለዋል? እስቲ እናንተ፣ ሰው ሳይሞት ጥሩምባ ቢነፋባችሁ ምን ትላላችሁ?

ቆይቶ ደግሞ ከከተማ የተገዛው የባትሪ መሙያ ተቃጠለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ጉልበቱን ይዞ ተመለሰና ጭስ አደረገው። ወንድይፍራው «እኔ እሠራለሁ» አለ። የተጣለ የቴሌቪዥን ስታብላይዘር አፍርሶ ትራንስፎርመሩን አወጣ፣ ሽቦውን ፈትቶ ለባትሪ እንዲስማማ አድርጎ በእጁ ጠመጠመ። ከአሮጌ መኪና የተነቀለ የአምፔር መርፌ ገጠመለት፤ ወደ ባትሪው ምን ያህል እንደሚገባ በዚያ ይታያል። አራት ዳዮድም በየቦታቸው በየደ። ዳዮድ ምንድን ነው ላላችሁ፣ በረኛ ነው፤ ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ያሳልፋል፣ ልመለስ ሲል በሩን ይዘጋል። ያለ እሱ ባትሪ አይሞላም።

መጀመሪያ ሲሰካው ጓ! አለና ፊውዙ ተበጠሰ። ሌላ ፊውዝ አደረገ፣ እሱም ተበጠሰ። ወንድይፍራው ተቀምጦ አንድ በአንድ ፈተሸው። አንዱን ዳዮድ ገልብጦ ገጥሞታል ለካ! አቃናው። በዚያ መሐል ግን አጠገቡ ያለው ዳዮድ ተቃጥሎ ነበር፤ ምትክ ደግሞ የለም። ለአውቶቡስ ሹፌር «ከከተማ አምጣልኝ» ብሎ ላከ፤ ሹፌሩ ረሳ። በማግስቱ የእድሩ ስብሰባ ነው፣ መሙያው የሚመረቅበት። ስለዚህ ከሬዲዮ የነቀለውን ቀጭን ዳዮድ «ለጊዜው» ብሎ በተቃጠለው ቦታ በየደው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይህን አያውቅም አይባልም፣ ያውቃል።

ስብሰባው ላይ ሰካው፣ መርፌው ተነሣ፣ ቀዩ መብራት በራ። እሰይ! እልል ተባለ። ሽማግሌዎች ቆመው «እጅህ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንህ አይፍዘዝ፣ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው መረቁት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ ግንባሩን ሳሙት። ወንድይፍራው እንደ በርበሬ ቀላ።

ሰንብቶ ሊያየው ሲሄድ መርፌው ወደ ግማሽ ወርዷል። ሽታው ገባው፤ ያቺ ቀጭን ዳዮድ ተቃጥላለች። ከዚህ ወዲያ ባትሪው የሚያገኘው የሚገባውን ግማሽ ነው። በግማሽ የኖረ ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ይለብሱና እየቆየ ጉልበቱ ይሞታል። ይህንንም ያውቃል። ግን «ያ የመረቃችሁት ተበላሽቷል» ብሎ ለሰው መናገር አቃተው። ዐፈረ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለውም፣ ዐፈረ። «ግማሽም ቢሆን ይገባል፣ ሹፌሩም ያመጣልኛል» ብሎ ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

ሕሊናው ስላልተኛለት ግን እህቱ ጋ ሄደ። «እትዬ፣ ማይኩን አልፎ አልፎ ከፍተን እንየው። ባትሪ ሥራ ላይ ካልታየ አይታመንም» አላት።

«ምን? ደግሞ ማንን ልትገድልብኝ ነው?»

«ዝም ብለን ነው፣ ትንሽ...»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ባሌን የቀበርኩት ሀሎ ሀሎ ባላችሁ በማግስቱ ነው። ሙሉ መሆኑን በዚያ በቴስተርህ ንገረኝና ሂድ።»

ቴስተሩን ባትሪው ጫፍ ላይ አደረገ። ቁጥሩ ደህና ነው። አያችሁ፣ የደከመ ባትሪ ምንም ሳይሸከም ሲለኩት ደህና ይመስላል፤ አልጋ ላይ የተቀመጠ ታማሚ «ደህና ነኝ» እንደሚለው ነው፣ ተነሣ ብለው ሸክም እስኪሰጡት። ወንድይፍራው ይህን ልንገራት ብሎ አፉን ከፈተ፤ ይህን ካነሣ ግን ዳዮዱም ይነሣል፣ ምርቃቱም ይነሣል። «ሙሉ ነው» አላት። የሺመቤትም አመነችው። ለምን አታምነው?

እማማ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ለቅሶ ቀርተው የማያውቁ! የሀብታሙም የድሃውም፣ የሚያውቁትም የማያውቁትም ሲሞት ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ሙሾ ሲያወጡ ያላዘነው ሁሉ ያዝናል። «ነግ በእኔ ነው ልጆቼ፣ ለሰው ሰው ካልደረሰለት ምን ይረባል» ይሉ ነበር። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ማንጠግቦሽ። አባት የላት፣ ወንድም የላት፤ እናትና ልጅ ተያይዘው የኖሩ ናቸው።

ለብዙ ወራት ሰው ሳይሞት፣ ማይኩም ሳይከፈት ቆይቶ፣ አንድ የገበያ ቀን ማለዳ እማማ ትርንጎ ዐረፉ።

ማንጠግቦሽ እያለቀሰች የሺመቤት ደጅ ደረሰች። የሺመቤትም አብራት አለቀሰችና እንባዋን ጠርጋ ማይኩን አውጥታ ደጅዋ ላይ ተከለች። የማይኩ መብራት በራ። «የእድራችን አባላት ሆይ! እማማ ትርንጎ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል! ቀብሩ ዛሬ ነው!» ብላ ደጋግማ ለፈፈች። የራሷን ድምፅ ሰማች፣ የሚሰማት ግን ከገዛ አፏ የሚወጣው ነበር። ባትሪው ሸክሙን ሲያይ ወገቡ ተቆርጧል፤ ከማይኩ የሚወጣው ድምፅ ከአጥሯ ብዙም አልራቀ። እሷ ምን ታውቃለች? መብራቱ በርቷል፣ ወንድሟ «ሙሉ ነው» ብሏል። ማይኩን ዘግታ ድንኳን ልታስወጣ ሮጠች።

የሰሙት ቅርብ ጎረቤቶች ናቸው። ከእነሱ ሌላ አንድ ሰው ሰማ። ዘርጋው ወደ ገበያ ሊወርድ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ነበር። የንብ ጉምጉምታ የመሰለ ነገር ጆሮው ገባ። ማን እንደሞተ አልሰማም፣ ስም አልለየም፤ ነገር ግን ያ ማይክ ያለ ሬሳ እንደማይከፈት ያውቃል። ከጎኑ የሚያልፉት ገበያተኞች እየሳቁ፣ በግ እየጎተቱ ይወርዳሉ፤ አንዳቸውም አልሰሙም። ቤቱ ተመለሰ። ጥሩምባውን ከሚስማሩ ላይ አወረደው፣ አቧራውን ጠረገው፣ አፉ ድረስም አደረሰው። ያኔ ያ ጭብጨባ ትዝ አለው። «የለም! ያሳረፉኝ እነሱ ናቸው። ሳጥናቸው ሲንተባተብ እስቲ ይታይ፣ ያኔ ይመጡና ይለምኑኛል» አለና መልሶ ሰቀለው። ገበያም ወረደ፤ ጨው ገዛ።

ለቅሶው ቤት ሰው ይጠበቃል። ካህናቱ ጨርሰው ቆመዋል። የሺመቤት መንገድ መንገዱን ታያለች። «ገበያ ስለሆነ ነው፣ ይመጣሉ፣ ይመጣሉ» ትላለች። አስከሬኑን ደጅ ላይ አቆዩት። ማንጠግቦሽ የእናቷ እግር ሥር ቆማ የመጣውን ሰው በዓይኗ ታያለች፣ ደግማ ታያለች። ጎረቤቶች ብቻ። ቄሱ «ሰዓቱ ሄደ፣ ምን እናድርግ ልጆቼ?» አሉ። የሚሸከም ወንድ አነሰ። አንዱ ጥግ ሰው አጣ፤ የሺመቤት ልትይዝ ስትል ማንጠግቦሽ ገፋቻትና የእናቷን ቃሬዛ በትከሻዋ ያዘች። ሴት ልጅ፣ ያውም የሐዘኑ ባለቤት፣ እናቷን ተሸክማ ሄደች! ሙሾ አውጪዋ ራሳቸው ሬሳ ናቸውና ሙሾ የሚያወጣ እንኳ አልነበረም። በዝምታ ተቀበሩ። እኔ ይህን ስናገር እንኳ ዓይኔን የት እንደማደርገው አጣለሁ፣ እዚያ የነበረው እንዴት ይሁን።

ከቀብር ሲመለሱ ገበያተኛው እየተጫወተ ሽቅብ ሲወጣ ተገናኙ። ሰዎቹ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያዩ ደነገጡ። «ማን ሞተብን?» አሉ። የሺመቤት በንዴት «እናንተ ሰዎች ናችሁ? እማማ ትርንጎ ናቸው! ስንት ጊዜ ለፈፍኩ!» ብላ ጮኸች። እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ኧረ እኛ አልሰማንም» አሉ። በመካከላቸው ዘርጋው ነበረ። ስሙን ሲሰማ የያዘው ጨው ከእጁ ወደቀ። አላነሣውም። ገበያተኛው ሁሉ እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ግን እንባው የሐዘን ብቻ አይደለም፣ የሐፍረትም ነው። ሙታናቸውን ሁሉ የቀበሩላቸውን ሴት ሳይቀብሩ ቀሩ።

በሠልስቱ እድርተኛው በሙሉ፣ ወዲህ ማዶም ወዲያ ማዶም፣ ራቁቱን እንደተያዘ ሰው አንገቱን ደፍቶ ማንጠግቦሽ በር ላይ መጣ። አገሩ ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ በአንገት ተሸክሞ ነውና እያንዳንዱ ድንጋይ ይዞ ነበር። ማንጠግቦሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። አላለቀሰችም።

«ድንጋያችሁን አውርዱ» አለች። «አገር አንገት የለውም። ሁሉ ከተሸከመ ማንም አልተሸከመም። እናቴን ያለ ቀባሪ ያስቀራት አንድ ሰው አለ። እሱ አንዱን ድንጋይ ይዞ ይምጣ፤ ይቅር እለዋለሁ፤ በሬንም እከፍታለሁ፤ አርባዋን ከእናንተ ጋር አወጣለሁ፤ ያላለቀሳችሁላትን ያኔ አልቅሱላት። የተሳሳተ ሰው ከላካችሁብኝ ግን በዚህች አገር እናትም እድርም የለኝም፤ በሬን ዘግቼ አክስቴ አገር እሄዳለሁ። እናንተ ለዩት።»

ጋሽ ደምሴ ሸንጎ አስቀመጡ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ የሚናገር ካለ ይናገር» አሉ። ሰው አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን ይቀስራል ብላችሁ ጠብቃችሁ ነበር አይደል? አይደለም። ሦስቱም እህትና ወንድሞች ተነሡ፣ ሦስቱም «ድንጋዩ የእኔ ነው» አሉ።

ወንድይፍራው መሙያውንና ባትሪውን ተሸክሞ መሐል ላይ አስቀመጠ። ባትሪውን በቴስተር ለካ፤ ቁጥሩ ደህና ነው። «አያችሁ? ይህን አይቼ ሙሉ ነው አልኩ» አለ። ከዚያ የመኪና የፊት መብራት አምፖል አገናኘበት። አምፖሉ ብልጭ አለ፣ ወዲያው ቀላ፣ ጠቆረ። የመሙያውን ክዳን ከፍቶ የተቃጠለችውን ቀጭን ዳዮድ በጉጠት አወጣ። «ይህቺን አውቅ ነበር። ስለመረቃችሁኝ ዐፍሬ ደበቅኋት። ብናገር ኖሮ ጥሩምባውን ታወርዱ ነበር። እህቴን የዋሸኋት እኔ ነኝ፤ እሷ ያመነችው እኔን ነው። ድንጋዩን ስጡኝ።»

የሺመቤት ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። «እሱስ ከፍተን እንየው ብሎኝ ነበር። ያባረርኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብንከፍተው ኖሮ እሱ የደበቀውን ባትሪው ራሱ ይናገር ነበር። ለባሌ ሞት ማይክን ተጠያቂ አደረግኩና የሌላን ሰው እናት አስከፈልኩ። ደግሞም የለፈፍኩት እኔ ነኝ፤ ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። አልሰማ ያለኝን አገር ስሰድብ ሰው ልኬ ቤት ለቤት አላስጠራሁም፤ ይመጣሉ እያልኩ ልጅቱን እናቷን አሸከምኳት። ድንጋዩን ስጡኝ።»

ዘርጋው ጥሩምባውን በጋቢው ሸፍኖ ይዞ ነበር። ገልጦ ባትሪው አጠገብ አስቀመጠው። «የእነሱ የዕቃ ጥፋት ነው» አለ። «ዕቃ ይበላሻል። እኔ ግን አልተበላሸሁም፣ ትንፋሽ ነበረኝ። እሱ ሰው ይሞታል ብሎ አልደበቀም፤ እሷ ሰው ሞቶ እያየች አልከለከለችም። ሰው መሞቱን አውቆ፣ አገሩ አለመስማቱንም አውቆ ዝም ያለው እኔ ብቻ ነኝ። ጥሩምባውን አፌ አድርሼ መለስኩት። ኩርፊያዬን እማማ ትርንጎ ላይ ተወጣሁ። እባካችሁ፣ ድንጋዩን ስጡኝ።»

ሰው ተከፋፈለ። ወዲያ ማዶ ያሉት «ሥሩ ዳዮዱ ነው፤ እሱ ባይዋሽ እሷም ባልታለለች፣ ዘርጋውም ባልተፈተነ» አሉ። ሌሎቹ ተነሥተው «እሱማ የማንም ግዴታ ሳይኖርበት ለእድሩ የለፋ ልጅ ነው! የማይክ አደራ የማን ነበር? ሥራ ላይ ሳይታይ የተቀመጠ ዕቃ አደራ ይባላል?» አሉ። ሴቶቹ «ባሏ የሞተባት ሴት ፈራች ተብሎ ነው?» ብለው ጮሁ። ሽማግሌዎቹ «ዘርጋው ነው፤ ያወቀ እሱ ነው» ሲሉ አንዱ «በጭብጨባ ያሰናበታችሁትን ሰው አሁን ለሥራ ትፈልጉታላችሁ? ሥራውን የቀማችሁት እናንተ አይደላችሁም?» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ያጨበጨቡት እነሱ ነበሩና።

ጋሽ ደምሴም መፍረድ አቃታቸው። ማንጠግቦሽ ዘንድ ልከው «ሦስቱ አብረው ይምጡ ወይ?» ብለው አስጠየቁ። «አንድ ሰው» ብላ መለሰች። «ስትሸከመኝ የኖረችው እናቴ አንድ ናት፤ የተሸከምኳትም እኔ አንድ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ አንዱ ድንጋይ የእድሩ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ወንድይፍራው ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው ሲል የሺመቤት እጁን ትይዘዋለች፤ እሷ ስታነሣ ዘርጋው ይቀማታል፤ ዘርጋው አንገቱ ላይ ሲያደርግ ታናሹ እግሩ ላይ ወድቆ «ጋሼ፣ አንተ አይደለህም» እያለ ያለቅሳል። ሦስቱ በዕድሜያቸው እንደዚያ ተቀራርበው አያውቁም፤ ያቀራረባቸው ግን ምን እንደሆነ ሲያስቡት እንደገና ያፍራሉ።

እንግዲህ ነገ አርባቸው ነው። ማንጠግቦሽ ጓዟን ጠቅልላ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች፤ በሩንም ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች። ትክክለኛው ሰው ከመጣ ጓዟን ትፈታለች፣ የተሳሳተው ከመጣ ትሄዳለች። አሁን ተናገሩ፣ አፋችሁን ክፈቱ፤ ግን ስትፈርዱ ልጅቱን እያያችሁ ፍረዱ፦ ዐፍሮ የደበቀው፣ ፈርታ የከለከለችው፣ ወይስ አኩርፎ ዝም ያለው? ድንጋዩ የሚገባው ለማን ነው?